«እግዚአብሔር እንጀራ አይጋግርም» ብዬ ጮህኩበት

ከሐይቅ የደረሰኝ ደብዳቤ ረጅም ነው። አሳጥሬዋለሁ፤ ሰዎቹን የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ደሴ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና ያላት ትንሽ ሱቅ ነበረችን። በ2014ቱ ጦርነት ተዘረፈች፤ ሸሽተን ስንመለስ ያገኘነው ባዶ ጠረጴዛና መሬት ላይ የተበተነ ቁልፍ ነው። እናቴ ቤት ሐይቅ ገባን። መጀመሪያ ላይ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ተወው። ጠዋት ኪዳን ይሄዳል፣ ቅዳሴ ካለ እዚያው ይውላል፣ ማታ ዳዊት ይደግማል። ስለ ሥራ ሳነሳበት ‹ለኢዮብ እጥፍ አድርጎ የመለሰ አምላክ ለእኔም ይመልሳል፤ የእኔ ድርሻ መጠበቅ ነው› ይለኛል። ጸበል ቦታ ያገኘው አንድ ሰውም ‹ጊዜህ አልደረሰም፣ ጠብቅ› ብሎታል።

«እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ቤቱ የቆመው በዚያ ነው። አሁን አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ዳኛ የሆኑበት ዕቁብ ተቋቁሟል፤ በሳምንት 1,000 ብር፣ 20 ሰው። ሦስተኛውን ዕጣ ሊሰጡኝ፣ ዋስም ሊሆኑኝ ፈቀዱ። ያገለገለ መኪና ይገዛልናል። ባለቤቴ ግን ‹ዕዳ መግባት እግዚአብሔርን አለማመን ነው› አለ። ያን ሌሊት ምጣዱ ላይ ቆሜ ‹እግዚአብሔር እንጀራ አይጋግርም!› ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። እኔም ፈራሁ። እምነቴ ጎድሎ ይሆን? ንስሐ ልግባ? ዕቁቡንስ ልተወው?

«መቀሱን ብቻ ስንሸሽ ይዞት ወጥቶ ነበር። በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስቀምጦታል፤ አንዳንዴ አውጥቶ ዘይት ሲቀባው አየዋለሁ። ይህን ለምን እንደጻፍኩልዎ አላውቅም።

«ወለተ ማርያም ነኝ።»

እህቴ ወለተ ማርያም፣

አብሽሪ። ከጩኸትሽ ልጀምር፤ ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው እንቅልፍ የነሳሽ ከዕቁቡ ይልቅ እሱ መሆኑ ገብቶኛል።

እግዚአብሔር እንጀራ አይጋግርም ብለሻል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አንድ ጊዜ አስጋግሯል። መጽሐፈ ነገሥት ላይ ነቢዩ ኤልያስ ኤልዛቤልን ፈርቶ ሸሽቶ በረሃ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለመነ። ከዚያም ተኛ። መልአክ ቀሰቀሰው፤ ራስጌው እንጎቻ ተጋግሮ፣ ውኃም በማሰሮ ተቀምጦ አገኘ። በልቶ እንደገና ተኛ። መልአኩ አልተቆጣውም። «እሳት ከሰማይ ያወረድክ ሰው እንዴት እንዲህ ትሆናለህ?» አላለውም። እስኪጠግብ አስተኛው። ሁለተኛ ሲቀሰቅሰው ነው ቃሉ የተለወጠው፤ ተነሥተህ ብላ፣ መንገድህ ሩቅ ነው አለው። ኤልያስም በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ሄደ።

እኔ እንደማየው ባልሽ ክትክታው ሥር ነው ያለው። ጎረቤት ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ «ሰነፈ፣ ሚስቱን እያስጋገረ ቤተ ክርስቲያን ተጠለለ» ይላል። እኔ አልልም። ሰነፍ ሰው ጎህ ሳይቀድ ለኪዳን አይነሳም። ደግሞስ አንድ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ተሸክሟል። የሰው ትከሻ በሜትር ሲለካ፣ «እጅጌው ይጠር ይርዘም?» እያለ ሲያማክር የኖረ ባለሙያ፣ ድሮ ሱሪ የሰፋለት ሰው እያየው አሸዋ ሲያመላልስ ምን እንደሚሰማው አስቢው። አንቺ ሱቁ ተዘረፈ ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ እሱ የተዘረፈው ስሙንም ጭምር ይመስለኛል። ሌላም አለ፦ አንዴ ባዶ ጠረጴዛ ያየ ሰው፣ ሁለተኛ መኪና ገዝቶ ሁለተኛ ባዶ ጠረጴዛ ማየት ይፈራል። ያልገዙትን ማንም አይዘርፍም።

ስለዚህ «እግዚአብሔር ይመልሳል» ሲልሽ እምነትም ሊሆን ይችላል፣ ፍርሃት ነጠላ አጣፍቶ ቆሞም ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ውስጥ አሉ። አንቺ ነጠላውን ለመግፈፍ አትሞክሪ። ሌሊት ይባንን እንደሆነ፣ ድምፅ ያስደነግጠው እንደሆነ፣ ምግብ ይርቀው እንደሆነ ግን ተመልከቺ። ከሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ጸበሉን ይጠጣ፣ ሐኪሙንም ያነጋግር። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ባልሽ ይህን መጽሐፍ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ኢዮብ። ባልሽ የተደገፈበት ቃል እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ለኢዮብ እጥፍ አድርጎ ሰጥቶታል። ምዕራፍ 42፣ ቁጥር 10። ብዙዎቻችን ግን እዚያ ላይ እናቆምና ቁጥር 11ን እንዘለዋለን። ቁጥር 11 ላይ ወንድሞቹ፣ እህቶቹ፣ የድሮ ወዳጆቹ ሁሉ ይመጣሉ። ቤቱ ገብተው አብረውት እንጀራ ይበላሉ፣ ያጽናኑታል፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው ጥሬ ብርና የወርቅ ቀለበት ይሰጡታል። አሥራ አራቱ ሺህ በግና ስድስቱ ሺህ ግመል የሚቆጠሩት ከዚህ በኋላ፣ ቁጥር 12 ላይ ነው። ጸሐፊው የዘመዶቹን ቀለበት ከእግዚአብሔር ስጦታ አጠገብ ያስቀመጠው ያለ ነገር አይመስለኝም። ኢዮብ ያን ቀን «አልቀበልም፤ እኔ የምጠብቀው ከሰማይ ነው» ብሎ ቢመልሳቸውስ ኖሮ?

ጎረቤትሽ ሦስተኛ ዕጣ ሰጥተው ዋስ ልሁን ሲሉ ያቺን የወርቅ ቀለበት ይዘው የመጡ ይመስለኛል። ሙስሊም መሆናቸው ባልሽን እንዳላስከፋው ከደብዳቤሽ ተረድቻለሁ፤ ወሎ ውስጥ ይህ ወሬም አይሆን።

ግን ይህን ምዕራፍ ይዘሽ ሄደሽ አትሞግቺው። ጥቅስ በጥቅስ መመታታት ከጀመራችሁ እሱ ይረታሻል፤ ዳዊት የሚደግም እሱ ነው። ይልቅ አንድ ማታ «የኢዮብን መጨረሻ አንብብልኝ» በይው። እሱ ያንብብ፣ አንቺ ስሚ። ቁጥር 11 ላይ ሲደርስ ዝም በይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ውሸታም እሆናለሁ። «አንተ ተነሥ፣ እኔ እረዳሃለሁ ብሏል እግዜር» የሚሉ ሰዎች ወደ አንቺም ሳይመጡ አልቀሩም። አባባሉ ጥቅስ ይመስላል እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። እኔ ደግሞ የደላንታ ልጅ ነኝና እንደ ውል ሲነገር ስሰማ ደስ አይለኝም። አባቴ በልግ አራሽ ነበር። በ1976 መሬቱን አርሶ፣ ገብሱን በደረቁ ዘርቶ ጠበቀ፤ በልጉ ቀረ። ምህላ ተያዘ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዱዓ ተቀመጡ። ክረምቱም ከዳ። 1977 ምን እንደነበረ ለወሎ ሰው አይነገርም። የወሎ ገበሬ የተራበው ሳያርስ ቀርቶ አልነበረም፤ ሳይጸልይ ቀርቶም አልነበረም። አርሶ፣ ጸልዮ ተራበ። ለዚህ መልስ አለኝ የሚል ሰባኪ ሳይ ከቦታዬ ተነሥቼ እወጣለሁ።

የማውቀው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ዝናቡ ሲመለስ ቤታችን ውስጥ ዘር የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ ከቆላ ዘመድ አራት ቁና እህል ተበደረ። ዕዳ ነው። ያን ዓመት ደግሞ ዝናቡ እንደሚቀጥል የነገረው ማንም የለም። ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ አማተበ፣ የመጀመሪያውን እፍኝ ያዘ፣ «አንተ ታውቃለህ» አለና በተነው። ልጅ ስለነበርኩ ለምን «አንተ ስጠኝ» እንዳላለ ይገርመኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እጁ ሲበትን ልቡ ውጤቱን ለባለቤቱ ትቶት ነበር። የዘራው ዝናቡን ስላመነ አይደለም፤ ዝናቡማ ከድቶታል።

እና ባልሽ ዕዳ እግዚአብሔርን አለማመን ነው ሲልሽ፣ በእኔ ቤት አንዱ ትልቁ የእምነት ሥራ በብድር ዘር የተሠራ ነው። ዕቁብ ደግሞ ወለድ የለውም፤ የራስሽን ገንዘብ ከሌሎች ጋር ተራ ይዘሽ ቀድመሽ መውሰድ ነው። አራጣ ቢሆን ኖሮ ከባልሽ ጎን እቆም ነበር።

ቢሆንም የሱ ፍርሃት ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ እሱን አትናቂ። ሒሳቡን እንሥራው። ሦስተኛው ዕጣ ሲደርስሽ የከፈልሽው 3,000 ብር ነው፤ የተቀበልሽው 20,000። የቀረው 17,000 ብር በ17 ሳምንት ይከፈላል። አሁን ራስሽን ጠይቂ፦ ባለቤቴ በእነዚህ 17 ሳምንታት አንድ ቁልፍ እንኳ ባይተክል፣ ከእንጀራው ብቻ በየሳምንቱ 1,000 ብር ማውጣት እችላለሁ? ጤፍ ቢወደድስ? ከልጆቹ አንዱ ቢታመምስ? መልሱ አዎ ከሆነ ግቢ። ካልሆነ ከሌላ ሰው ጋር ግማሽ ግማሽ ሆናችሁ አንድ ዕጣ ያዙ፤ በሳምንት 500 ብር ይሆናል፣ የሚደርስሽም 10,000። መኪና ላይገዛ ይችላል። ወይም ኋለኛ ዕጣ ጠይቂ። ጌታም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቁጠር ብሏል። አንቺ ብትወድቂ የሚከፍሉት ጎረቤትሽ ናቸው፤ በሌላ ሰው ዋስትና «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት አይገባም። በራስ መሶብ ነው እንጂ።

መኪናውን ግን እሱ ሳያውቅ ገዝተሽ ቤት እንዳታስገቢ። ብዙ ሴቶች ይህን ያደርጋሉ፣ ባለቤቴን አስደስታለሁ ብለው። ያልጠየቀው መኪና ፊቱ ቢቆም በየቀኑ «ለምን አትሰፋም?» እያለ የሚከሰው ዳኛ ነው የሚሆንበት። ኪዳኑንም አትንኪበት። ኪዳን አድርሶ ሱቁን የሚከፍት ልብስ ሰፊ ደሴ ውስጥ ሞልቷል፤ ጸሎቱ ከሥራው ጋር አልተጣላም። ቅዱስ ጳውሎስም ቆሮንቶስ ላይ ወንጌል እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ ነበር። የባልሽ የሙያ ባልደረባ ነው።

ጸበል ቦታ ስላገኘው ሰው ብዙ አልልም። ባልሽ የንስሐ አባት እንዳለው እገምታለሁ። «ይህን ነገር ለአባታችን ንገራቸውና ምን እንደሚሉ እንስማ» በይው። ለነፍሱ ኃላፊነት ያለባቸው እሳቸው ናቸው፤ መንገድ ላይ ተናግሮ የሄደ ሰው የለበትም። የአንቺን ጩኸትም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን እሳቸው ያውቁታል፣ ዓምድ ጸሐፊ አይፈታም። ከዚያ በፊት ግን ባልሽን ይቅርታ ጠይቂው። «ስለ ጮህኩብህ ይቅር በለኝ» በይና እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን እኮ...» የምትል ቃል ከተከተለች ይቅርታው ፈረሰ። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ባለበትም አታንሺው።

አሁን ስለ አንቺ። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ፦ «ቤቱ የቆመው በዚያ ነው»። በእንጀራው ማለትሽ ነው። እውነት ነው፣ አመሰግንሻለሁ፤ ልጆችሽ አንድ ቀን ያመሰግኑሻል። ግን ሁለት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ባልሽ ጸሎት ስድስት ጊዜ ጽፈሽ ስለ አንቺ ጸሎት አንድም ጊዜ አልጻፍሽም። ትጸልዪም ይሆናል፤ አልፈርድብሽም። ደክሞሽ ይመስለኛል። ባልሽ ሁሉንም ለእግዚአብሔር ትቶ ተቀምጧል፣ አንቺ ደግሞ ሁሉንም ከእግዚአብሔር ተቀብለሽ ተሸክመሻል። ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች ሲተርኩ ቀን ሰዎች ይፈለፍሉ ነበር፣ ሌሊት መላእክት ይቀጥሉት ነበር ይላሉ። እናንተ ቤት የሌሊቱ ፈረቃ ብቻ ነው የሚሠራው።

መዝሙር 126 (በሌላው አቆጣጠር 127) ለባልሽም ለአንቺም የተጻፈ ይመስለኛል። እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ ይላል፤ ሠራተኞቹ ግን አሉ፣ ቤታቸው ተኝተው አልቀሩም። ወዲያው ደግሞ በማለዳ ለሚነሱ፣ አምሽተው ለሚተኙ፣ የድካም እንጀራ ለሚበሉ ይናገርና ለወዳጆቹ እንቅልፍ ይሰጣል ይላል። ዳዊቱ እቤታችሁ አለ፤ ማታ ሲደግም ጠጋ ብለሽ ይህቺን ስሚ። ከዚያ በሳምንት አንድ ሌሊት ምጣዱን አሳርፊው። የቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ቢሆን መልካም ነው፤ ለምግብ ቤቶቹ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አንድ ቀን ገቢ ይቀራል፤ ያማል። ያን ሌሊት ግን አንቺ ተኝተሽ ቤቱ እንደቆመ ጠዋት ታያለሽ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጎኑ አለመነሳትሽን ሲያይ እሱም የሚያስበው ነገር ይኖራል።

መጨረሻ ላይ ለምን እንደጻፍሽው ያላወቅሽውን መቀስ ላንሳ። እኔ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ከዕቁቡም ከኢዮብም በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። ሥራውን የተወ ሰው መቀሱን ዘይት አይቀባም። ሸሽቶ ሲወጣ ከሁሉ መርጦ የያዘው እሱን ነው፤ እንዳይዝግ የሚጠብቀውም አንድ ቀን እንደሚቆርጥበት ስለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ ከመኪናው በፊት መቀሱ ይቅደም። ነሐሴ ሲገባ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ ሱቆች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ደሴም ሐይቅም ልክ የሚወስድና ጨርቅ የሚቆርጥ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋሉ፣ በሠራው ልክ ይከፍላሉ። ለዚህ ዕቁብም ዋስም አያስፈልግም። ግን እሱንም ዛሬ አትንገሪው፤ የድሮ የሙያ ጓደኛ ካለው ጓደኛው መጥቶ ቢጠይቀው ይሻላል። «አግዘኝ» መባልና «ሥራ» መባል ለወንድ ጆሮ አንድ አይደሉም።

ዛሬ የምታደርጊው አንድ ነገር ብቻ ነው። የትልቁን ልጅሽን ዩኒፎርም አይተሽዋል? ሱሪው ማጠሩ አይቀርም። ከገበያ አንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ ግዢ። አጥፈሽ አልጋው ላይ፣ መቀሱ ካለበት በላይ አስቀምጪው። ምንም አትበዪ፤ ጥቅስም አይኑርበት። አንድ ቀን ይፈጃል ወይም አንድ ወር። አንድ ማታ የጨርቁን መጠቅለያ ሲፈታ ትሰሚዋለሽ። ያኔ ልጁን ቀስቅሺና ለልክ አቁሚለት።